የማርሚታ ጓርኒሲዮን ምንድን ነው? ሞተር ጭስ ሲያፈስስ በምን ይታወቃል?

የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ጓርኒሲዮን የሞተሩ ቴስታታ (ከሲሊንደሩ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) የጭስ መውጫና የማርሚታው ቱቦ በሚጋጠሙበት ቦታ መሀል የምትገባ ቀለበት ናት። በትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከስስ መዳብ ተጠቅልላ የተሠራች፣ በውስጧ ሙቀት የሚችል ማሸጊያ የያዘች ቀላል ዕቃ ነች። ሥራዋ መጨፍለቅ ነው። ቱቦውን የሚይዙት ዳዶዎች ሲጠብቁ ትጨፈለቅና በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት፣ ለዓይን የማይታየውን ጭረት ሳይቀር፣ ሞልታ ትዘጋለች። አንዴ የተጨፈለቀች ቀለበት ደግሞ እንደ አዲስ አትጨፈለቅም። ማርሚታው በወረደ ቁጥር መቀየር ያለባት ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ግን ድምፁ ሲቀየር «ማርሚታው ተበሳ» ብሎ ወደ ብየዳ ቤት ይሮጣል፤ ወይም «ቫልቮላው (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሩ) ላላ» ተብሎ ደህናው ሞተር ይከፈታል። ሁለቱም ወጪ ነው፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያች ቀለበት ላይ ነው።

የሚያፈስስ ጓርኒሲዮን ድምፁ «ጠስ ጠስ ጠስ» የሚል፣ ከሞተሩ ፊት ለፊት የሚመጣ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይበረታል፤ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ጭነት ሲበዛበት፣ ለምሳሌ ሰው አፈናጦ ዳገት ሲወጣ፣ ይጎላል። የቫልቮላ ድምፅ ግን ከላይ ከክዳኑ ይመጣል፤ ጭነት ኖረም አልኖረ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ብቻ ይሄዳል። አንድ ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ወደ መጋጠሚያው ጠጋ አድርጎ ማዳመጥ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሁለተኛው ምልክት ቴስታታው አፍ ላይ የሚታየው ጥላሸት ነው። ደረቅና ጥቁር ሆኖ ከመጋጠሚያው ወደ ውጭ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባሉት፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚያቃጥሉት ሞተሮች ላይ ግን ጥላሸቱ እርጥብና ቅባታማ ነው። በእነዚህ ላይ ጉልበትም ቶሎ ይጠፋል፤ ማርሚታው ውስጥ የሚመላለሰው ግፊት ያልተቃጠለውን ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ የሚይዝ ስለሆነ።

ሦስተኛው ቁልቁለት ላይ የሚሰማው ተኩስ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይዞ ይሄዳል፤ ነጂው የነዳጅ እጀታውን መልሶ ሞተሩን እንደ ፍሬን ይይዘዋል። በዚያን ጊዜ ማርሚታው ውስጥ ግፊቱ እየወረደ በሚያፈስሰው መጋጠሚያ ከውጭ አየር ይስባል። ያልተቃጠለ ነዳጅ አየር ሲያገኝ ቱቦው ውስጥ ይቀጣጠልና «ቷ! ቷ!» ይላል። እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ባለ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ካርቡራቶር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ነዳጅ አብዝቶ ያቃጥላል፤ ተኩሱም ይብሳል። ተኩስ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ካርቡራቶሩ ያልተስተካከለ፣ ወይም በእሱና በሞተሩ መካከል አየር የሚያስገባ ሞተርም ይተኩሳል።

እርግጠኛ ለመሆን ሞተሩን አስነስቶ፣ ገና ሳይሞቅ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ) እየሠራ ሳለ የማርሚታውን ጫፍ በታጠፈ እርጥብ ወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ነው። ደህና የተዘጋ ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። የሚያፈስስ ከሆነ ግን አይጠፋም፤ ጭሱ በቀዳዳው እየፏጨ ይወጣል። በቀዘቀዘ ሞተር ላይ የሳሙና ውኃ መጋጠሚያው ላይ ቀብቶ በማርሚታው ጫፍ በኩል አየር መንፋትም ይቻላል፤ አረፋ የሠራበት ቦታ ነው የሚያፈስሰው። ይህን ሁሉ ደጅ ላይ ማድረግ ግድ ነው። ከከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው ጋዝ ከሞተርም ይወጣልና በር በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሳት አይገባም።

ለመቀየር ሲነሡ ትልቁ ጠላት ዝገት ነው። በክረምት ጭቃ የከረመ ዳዶ በጉልበት ሲፈታ ከቴስታታው የቆመውን ቡሎን ይዞ ይሰበራል፤ የአንዲት ቀለበት ሥራ የቴስታታ ሥራ ይሆናል። ማታውኑ ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ማጠጣት፣ ጠዋት ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፋ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው መለስ እያደረጉ ማላቀቅ ይሻላል። የኋላው የማርሚታ መያዣ ቡሎንም ይፈታል፤ አለዚያ ቱቦው አይወጣም።

ቱቦው ከወጣ በኋላ አሮጌዋ ቀለበት ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች። ጥላሸት ስለለበሰች የቴስታታው አካል ትመስላለች። አዲሷን በላይዋ የሚደርቡ አሉ፤ ሁለት ቀለበት እኩል ስለማይጨፈለቅ ብዙም ሳይቆይ ያፈስሳል። በባትሪ አብርቶ ማየት፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፎ፣ ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ቀስ ብሎ ማውጣት ያስፈልጋል። አሉሚኒየሙ ሲቧጠጥ ለዘለዓለም ማፍሰሻ መንገድ ይሆናልና ካቻቪቴ አይመከርም። አሮጌ ቀለበት አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ቀድሞ በውኃ ማርጠብ፣ ብናኙንም በአፍ እፍ አለማለት ነው።

አዲሷ የምትገዛው አሮጌዋን ይዞ ሄዶ፣ የውስጥና የውጭ ስፋቷን አመሳክሮ ነው። ውፍረት ላይ ግን ያለቀችው ተጨፍልቃለችና አዲሷ ወፍራ ብትታይ አይገርምም። በትንሽ ግራሶ ጉድጓዷ ላይ ማጣበቅ ቱቦው እስኪገባ እንዳትወድቅ ይረዳል፤ ግራሶው ሲነሣ ጥቂት ደቂቃ ጨስ ብሎ ያልቃል። ከዚያ ሁለቱ ዳዶዎች በጣት፣ የኋላው ቡሎንም ላላ ተደርጎ ይያዛል። የፊቶቹ በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ይጠብቃሉ፤ የቱቦው ክንፍ ከቴስታታው ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል መሆን አለበት። በመጨረሻ የኋላው ይጠብቃል። የኋላው ከቀደመ ቱቦው በጎን ይጎተትና ቀለበቷ በአንድ ወገን ብቻ ትጨፈለቃለች፤ አዲስ ቀለበት ገብቶላቸው ከሚያፈስሱት ብዙዎቹ የሚያፈስሱት በዚህ ስሕተት ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን 10 ኒውተን ሜትር፣ ለ8 ሚሊ ሜትር 20 አካባቢ ይበቃል፤ የሞተሩ መመሪያ ካለ እሱ ይቀድማል።

ሞተሩ 10 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና መንካት አይዘንጋ፤ ቀለበቷ በሙቀት ስለምትሟሽሽ ትንሽ ይዞራሉ። ኮረኮንች ላይ ለሚውል ሞተር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደ በኋላም አንድ ጊዜ ማየት ጥሩ ነው።

ገጠር ውስጥ ቀለበቷ ባትገኝስ? ቀይ ሲሊኮን የሚችለው 300 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከቴስታታው የሚወጣው ጭስ ከ500 ያልፋል፤ ተቃጥሎ ይረግፋል። የቆርቆሮ ቁራጭም አይጨፈለቅም። የሚሻለው የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ ልጣጩን ገፎ፣ በልኩ አጥፎ፣ እሳት ላይ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪይዝ ካጋሉ በኋላ ውኃ ውስጥ መንከር ነው። መዳብ ሲግል ይለሰልሳል፤ ጥሩ አድርጎ ይጨፈለቃል። ከተማ እስኪደረስና ትክክለኛዋ እስክትገዛ ድረስ ያደርሳል።