ኮምፖዚቲንግ ምንድን ነው? ከኤዲቲንግ ፕሮግራም መቼ ነው መውጣት ያለብን?

ኮምፖዚቲንግ በተለያየ ቦታና ጊዜ የተገኙ ምስሎችን አንድ ፍሬም ውስጥ አዋህዶ፣ አንድ ካሜራ በአንድ ጊዜ የቀረጻቸው ማስመሰል ነው። ኤዲቲንግ ሾቶችን (ሳይቋረጡ የተቀረጹ ቁራጮችን) በቅደም ተከተል ይደረድራል፤ የቱ የት ይጀምር፣ የት ይቆረጥ፣ ድምፁ ከየት ይግባ የሚለውን ይወስናል። ኮምፖዚቲንግ አንዷን ሾት ይይዝና ወደ ውስጥ ይቆፍራል።

ፕሪሚየር ፕሮ፣ ፋይናል ከት ፕሮ እና አቪድ ሚዲያ ኮምፖዘር የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ናቸው (የአቪድ ስም አያሳስታችሁ)። አፍተር ኢፌክትስ፣ ኑክ እና ፊውዥን የኮምፖዚቲንግ ናቸው። ድንበሩን ያደበዘዘው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሪዞልቭ 15 ጀምሮ ፊውዥን እንዳለ ውስጡ ገብቷል።

ዛሬ አብዛኛው ኤዲቲንግ ፕሮግራም ማስክ (የምስሉን ክፍል ከቦ የሚለይ ቅርጽ) አለው፤ የግሪን ስክሪን አረንጓዴ ጀርባንም ያነሳል። ስለዚህ የባህርይ ዝርዝር እያነጻጸሩ መምረጥ ብዙም አያዋጣም። ሾቷን ራሷን ማየት ይሻላል፦ ካሜራው ይንቀሳቀሳል? ከምትጨምሩት ነገር ፊት የሚያልፍ አለ? የአንዱ ንብርብር ውጤት ለሌላው ግብዓት ይሆናል?

አንድ ሰው ስክሪኑ የጠፋ ስልክ ይዞ ተቀርጿል እንበል፤ ስክሪኑ ላይ መልእክት ማስገባት ተፈልጓል። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ከሆነ፣ ስልኩም ካልተነቃነቀ፣ የምስሉን አራት ማዕዘኖች ከስክሪኑ ማዕዘኖች ጋር ማገጣጠም በቂ ነው። ይህን ፕሪሚየር ውስጥ መጨረስ ይቻላል፤ ሌላ ፕሮግራም መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን እጁ ይንቀሳቀስ፤ አውራ ጣቱም ስክሪኑን ይሻገር። መጀመሪያ የስክሪኑን ጠፍጣፋ ገጽ ትራክ ማድረግ፣ ማለትም እንቅስቃሴውን በፕሮግራሙ መከታተል ያስፈልጋል። ከዚያ ጣቱ ከመልእክቱ በላይ እንዲመጣ ሮቶ (በየፍሬሙ የሚከተለው ማስክ) ይሠራለታል። እዚህ ላይ ጀማሪ ጣቱን በአንድ ቅርጽ ይከብበውና በየፍሬሙ ነጥቦቹን ሲያባርር ይውላል። የሚያዋጣው ለእያንዳንዱ የጣት አጥንት የራሱን ቅርጽ መስጠት ነው፤ ጣቱ ሲታጠፍ ቅርጾቹን ማዞር ብቻ ይበቃል። ፈጥኖ ሲያልፍ ጠርዙ ስለሚደበዝዝ የሮቶውም ጠርዝ በዚያው ልክ መደብዘዝ አለበት። የጠፋው ስክሪን ላይ የነበረውን ነጸብራቅ ደግሞ አትጣሉት፤ በአዲሱ ምስል ላይ “ስክሪን” ወይም “አድ” በሚባለው፣ ብሩሁን ክፍል ብቻ በሚያሳየው የመደረቢያ ሞድ ሲደረብ መልእክቱ ከመስታወት በታች ያለ ይመስላል። በመጨረሻ የካሜራው ግሬይን (ምስሉ ላይ ያለው ደቃቅ ነጠብጣብ) ይጨመራል፤ ያለ እሱ መልእክቱ ከመጠን በላይ ንጹሕ ሆኖ ያሳብቃል።

ያው የጣት ሮቶ መልእክቱን ለመቁረጥም፣ ነጸብራቁን ለመከልከልም ያስፈልጋል። በኤዲቲንግ ታይምላይን ላይ ማስኩን መቅዳት፣ ክሊፑንም ሌላ ክሊፕ ውስጥ መጠቅለል ይመጣል፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይረሳል። ኑክና ፊውዥን በኖድ (እያንዳንዱ ሥራ በመስመር የሚያያዝ ሳጥን ሆኖ) ስለሚሠሩ ከአንድ የሮቶ ኖድ ወደፈለጋችሁት ቦታ ሁሉ መስመር ትስባላችሁ፤ አንዴ ሲታረም ሁሉም ጋ ይታረማል። አፍተር ኢፌክትስ በሌየር (በተደራረበ ንብርብር) ነው የሚሠራው። ለጽሑፍና ለሚንቀሳቀስ ግራፊክስ ይቀላል፤ ሌየሩ ሃምሳ ሲያልፍ ግን የቱ ከቱ ጋር እንደተያያዘ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ ሙሉ ቪዲዮን አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ኤዲት ማድረግ። ኤዲቲንግ ፕሮግራም ሳይቆራረጥ ለማጫወት ሲል ጥራት ይቀንሳል። ኮምፖዚቲንግ ፕሮግራም በበኩሉ እያንዳንዱን ፍሬም አስልቶ ራም ላይ ያስቀምጣል። አንድ 1920 በ1080 ፍሬም፣ ከአልፋው (ከግልጽነት መረጃው) ጋር አራት ቻናል ሆኖ በ16 ቢት ሲሰላ፣ 16.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን 400 ሜጋባይት፣ አሥር ሰከንድ ሲሆን 4 ጊጋባይት ይደርሳል። የሃያ ደቂቃ ቪዲዮን በዚህ መንገድ ማየት አይታሰብም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኤዲቱ መጀመሪያ ይቆለፋል፤ ከዚያ ኢፌክት የሚፈልጉት ሾቶች ብቻ ተነጥለው ይወጣሉ። ከሾቱ በፊትና በኋላ ከ8 እስከ 12 ትርፍ ፍሬም ይተዋል፤ ኤዲተሩ ሐሳቡን ትንሽ ቢቀይር ሥራው ከዜሮ አይጀመርም። የቀለም ማስተካከያም ሆነ ዙም አብሮ አይወጣም። ፋይሉ በጣም የሚጨመቀው ኤች.264 አይሁን፤ ጥራቱን የሚጠብቀው ፕሮሬስ 4444 ወይም እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ፋይል የሚሆንበት የኢኤክስአር ተከታታይ ምስል ይሻላል። ተከታታይ ምስል ሲሆን ከ240 ፍሬም 180ኛው ላይ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ከዚያው ከ180 ይቀጠላል፤ አንድ የቪዲዮ ፋይል ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ተሠርቶ ሲመለስም ከዋናው ሾት በላይ ባለው ትራክ ይቀመጣል፤ ዋናው አይሰረዝም።

በዚህ ምልልስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የፍሬም ፍጥነት ነው። በሰከንድ 23.976 ፍሬም የተቀረጸ በ24 ከተከፈተ በየ42 ሰከንዱ ገደማ አንድ ፍሬም ይንሸራተታል፤ አጭር ሾት ላይ አይታይም፤ ረዥሙ ላይ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። የስልክ ቪዲዮ ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ ስለሚዋዥቅ አስቀድሞ ቋሚ ወደሆነ ፍጥነት መቀየር አለበት።

ሌላው የጥቁር ጠርዝ ችግር ነው። ጀርባው ግልጽ የሆነ ምስል ሲቀመጥ የጠርዙ ቀለም በአልፋው ተባዝቶ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ፕሮግራም ያልተባዛ መስሎት ካነበበው በዕቃው ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር ይቀራል። ማስኩን ማጥበብ መስመሩን ይደብቃል እንጂ ችግሩን አይፈታውም። መፍትሔው አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ የፉቴጁን (የገባውን ምስል) የአልፋ አነባበብ ወደ ፕሪመልቲፕላይድ (በአልፋ የተባዛ) መቀየር ነው። ኑክ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ምስል ቀለሙን ከመንካት በፊት አንፕሪመልት (ብዜቱን ማንሳት)፣ ከነኩ በኋላ ፕሪመልት (መልሶ ማባዛት) ይደረጋል።

ፕሮግራም ቀይሮ የማይድን ነገርም አለ። ብዙ ካሜራዎች በ8 ቢት 4:2:0 ይቀርጻሉ፤ ለ4 ፒክስል አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ማለት ነው። በዚህ የተቀረጸ ግሪን ስክሪን የፀጉር ጠርዙ እንደ ደረጃ ይሰባበራል፤ ኑክም ያልተቀረጸ ቀለም አያመጣም። ያለው አማራጭ ቀረጻውን የበለጠ የቀለም መረጃ በሚይዘው 10 ቢት 4:2:2 መድገም፣ ካልሆነም ፀጉሩን በእጅ ሮቶ ማድረግ ነው።

ለጀማሪ ነፃውን ሪዞልቭ እንመርጣለን። ኤዲቱን በአንዱ ገጽ ሠርታችሁ፣ ያቺን አንዲት አስቸጋሪ ሾት መርጣችሁ የፊውዥንን ገጽ መክፈት ነው፤ ፋይል ማውጣትና መመለስ የለም። ኑክም ለንግድ ለማይውል ሥራ ነፃ ቅጂ አለው፤ የሚያወጣው ግን እስከ 1920 በ1080 ብቻ ነው። ፕሪሚየርና አፍተር ኢፌክትስን በዳይናሚክ ሊንክ (ፋይል ሳይወጣ ሁለቱን በቀጥታ በሚያያይዘው መንገድ) የምታገናኙ ከሆነ ደግሞ ሾቷ ስታልቅ ሬንደር አድርጋችሁ (ወደ ቪዲዮ ፋይል አውጥታችሁ) በታይምላይኑ ላይ ተኩት። ታይምላይኑ እየተንቀራፈፈ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ሳይተኩ በቀሩ ሊንኮች ነው።