ካርታው አረንጓዴ፣ ሠራተኛው «ሲስተም የለም»፦ ስለ ኔትዎርክ ካርታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እንደ ዘ ዱድ፣ ዛቢክስና ናጊዮስ ያሉ የኔትዎርክ መከታተያ ሶፍትዌሮች ራውተሩን፣ ስዊቹንና ሰርቨሩን በሥዕል አስቀምጠው በመስመር ያገናኟቸዋል፤ ችግር ሲፈጠር ቀለሙ ይቀየራል። ትልቅ ስክሪን ላይ ሲታይ ያምራል፣ አለቃም ይወደዋል። ግን እያንዳንዱ ቀለም ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ብቻ ነው። ጥያቄው ምን እንደነበር ካልታወቀ ቀለሙ ያሳስታል።

«አረንጓዴ ከሆነ አገልግሎቱ ይሠራል»

ብዙ ካርታዎች ላይ መሣሪያው የሚመረመረው በፒንግ (አጭር የ«አለህ ወይ?» መልእክት በመላክ) ብቻ ነው። ፒንግ የሚያረጋግጠው ያ አይፒ አድራሻ መልስ መስጠቱን ነው። መልሱን የሚሰጠው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንጂ አፕሊኬሽኑ ስላልሆነ፣ ዳታቤዙ ቢቆም ወይም ዌብ ሰርቨሩ ለመጣው ሁሉ የ500 ስህተት (የሰርቨሩ ውስጥ ብልሽት ኮድ) ቢመልስ ፒንጉ ምንም አይሰማውም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ምርመራው በደረጃ ይቀመጥ። ከፒንጉ ቀጥሎ የቲሲፒ ፖርቱ (አገልግሎቱ ግንኙነት የሚቀበልበት፣ በቁጥር የሚታወቅ በር) መከፈቱ ይታያል፦ ለዌብ 443፣ ለኢሜይል 25፣ ለማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ 3306። ይህም አይበቃም፤ የተንጠለጠለ ፕሮግራም ፖርቱን ከፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። ሦስተኛው ደረጃ አገልግሎቱን ተጠቃሚው እንደሚጠቀምበት አድርጎ መሞከር ነው። ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚለውጠውን አገልግሎት) አንድ የታወቀ ስም ጠይቆ የመጣውን አይፒ ማመሳከር፤ የኢሜይል ሰርቨሩ በ220 የሚጀምር ሰላምታ መስጠቱን ማየት፤ ከዌቡ ደግሞ የመግቢያ ገጹን ጠርቶ «ተሳክቷል» የሚለውን የ200 ኮድ ብቻ ሳይሆን ገጹ ላይ መኖር ያለበትን አንድ ቃል መፈለግ። «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚለውን ገጽ ራሱን ከ200 ኮድ ጋር የሚልኩ አፕሊኬሽኖች አሉና። የዌቡ የደህንነት ሰርተፊኬት ማብቂያ ቀንም እዚሁ ይጨመር፤ 30 ቀን ሲቀረው ቢያስጠነቅቅ በቂ ጊዜ ይሰጣል።

ዘ ዱድ ላይ መሣሪያው አረንጓዴ የሚሆነው ሁሉም አገልግሎቶቹ ሲሠሩ ነው፤ ከፊሉ ሲቆም ብርቱካናማ፣ ሁሉም ሲቆም ቀይ ይሆናል። በፒንግ ብቻ የሚመረመር መሣሪያ ብርቱካናማ የሚሆንበት መንገድ የለም። ብርቱካናማ ታይቶበት የማያውቅ ካርታ ካለ፣ ኔትዎርኩን ከማመስገን በፊት ምርመራዎቹን መቁጠር ይሻላል።

«ካርታውን ሶፍትዌሩ ራሱ ስለሳለው ትክክል ነው»

ስዊቾች ማንነታቸውን ለጎረቤታቸው ይናገራሉ፤ ኤልኤልዲፒ በሚባለው ፕሮቶኮል በተለምዶ በየ30 ሴኮንዱ፣ በሲስኮው ሲዲፒ በየ60 ሴኮንዱ። ሶፍትዌሩ ይህን በኤስኤንኤምፒ (የመሣሪያን መረጃ በርቀት መጠየቂያ ፕሮቶኮል) ያነብና መስመር ይስላል። በሁለት ስዊቾች መካከል ምንም ቅንብር የማይቀበል ርካሽ ስዊች ከገባ ግን እሱ ስለ ራሱ አንድም ቃል አይናገርም፤ የሲዲፒውን መልእክት ደግሞ እንደ ማንኛውም መልቲካስት (ለብዙዎች በአንዴ የሚላክ መልእክት) ያሳልፈዋል። ካርታው ላይ ሁለቱ ትልልቅ ስዊቾች በቀጥታ የተገናኙ ይመስላሉ። ጠረጴዛ ሥር የተወተፈው፣ ጽዳት ሲደረግ አዳፕተሩ ተነቅሎ ግማሽ ቢሮ የሚያቋርጠው ባለ 8 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ሳጥን የትም የለም።

ማወቂያው ስዊቹ በየፖርቱ ያያቸውን መሣሪያዎች መለያ የሚይዝበት የማክ አድራሻ ሰንጠረዥ ነው። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ይዟል በተባለ ፖርት ላይ አምስት ስድስት ማክ ከታየ መሃል ላይ ያልተመዘገበ ነገር አለ (የአይፒ ስልክ በመሃል ካለ ሁለት የተለመደ ነው)። ብዙ ስዊቾች ላይ ዝም ያለ ማክ ከ300 ሴኮንድ በኋላ ከሰንጠረዡ ስለሚወጣ፣ ፍተሻው ሰው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ይሁን።

ሶፍትዌሩ አድራሻዎችን እየሞከረ መሣሪያ የሚፈልግበትን ፍለጋ አስፍቶ ሁሉን ማግኘት ይቻላል የሚለውም አደጋ አለው። ባለ 24 ቢት ሰብኔት (የኔትዎርክ ክፍል) 254 አድራሻ ነው፤ ባለ 16 ቢት ሲሆን 65,534 ይሆናል። ፍለጋው ፖርት 9100ንም የሚነካ ከሆነ ብዙ ፕሪንተሮች የደረሳቸውን ሁሉ እንደሚታተም ሰነድ ስለሚቆጥሩት ትርጉም የሌለው ጽሑፍ በወረቀት ላይ ሲያፈሱ ይገኛሉ። ያንን ፖርት ከፍለጋው ማውጣት ነው።

«በመስመር ካገናኘሁት፣ ማን በማን ላይ እንደተንጠለጠለ ሶፍትዌሩ ያውቃል»

ዛቢክስ ላይ የካርታ መስመር ሥዕል ነው። አንዱ ማስጠንቀቂያ በሌላው ላይ ጥገኛ እንዲሆን ማስጠንቀቂያ በሚያስነሱት ደንቦች (ትሪገሮች) ላይ ለብቻው መሞላት አለበት። ናጊዮስ ላይ ግን መሣሪያው «ወላጁ» (ወደ እሱ በሚወስደው መንገድ ከፊቱ ያለው መሣሪያ) ማን እንደሆነ ይመዘገብለታል፤ በዚያም ምክንያት «ወድቋል» እና «መንገዱ ስለተዘጋ አይደረስበትም» የሚሉትን ይለያል። ይህ ካልተሞላ፣ ከኋላው 40 መሣሪያ ያለው የቅርንጫፍ ራውተር ሲወድቅ 41 ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ዋናው ጉዳይ በመካከላቸው ይቀበራል። አስቀድሞ በተነገረ ሰዓት የራውተሩን ኬብል ነቅሎ መልእክቶቹን መቁጠር ነው፤ ከአንድ በላይ ከመጣ ጥገኝነቱ በትክክል አልተሞላም።

እግረ መንገድ፦ ማስጠንቀቂያው በኢሜይል የሚወጣው በዚያው በሚጠበቀው የኢንተርኔት መስመር ከሆነ፣ መስመሩ ሲቆረጥ ማንም አይሰማም። ሲም ካርድ ያለው ሞደም ተጨምሮ በኤስኤምኤስ ቢላክ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ መከታተያው ሰርቨር ዩፒኤስ ላይ ሆኖ በመሃል ያለው ስዊች ካልሆነም ካርታው በአንድ ጊዜ ሁሉንም ቀይ ያደርገዋል።

«መስመሩ 10 ከመቶ ላይ ነው፣ አልተጨናነቀም»

በየ5 ደቂቃው የሚነበብ ቁጥር የ300 ሴኮንድ አማካይ ነው። ለ30 ሴኮንድ ሙሉ በሙሉ የተዘጋና በቀረው ጊዜ ባዶ የነበረ መስመር 10 ከመቶ ሆኖ ይታያል፤ በዚያች ግማሽ ደቂቃ የስልክ ጥሪ ሲቆራረጥ የነበረ ሰው ግን አይዋሽም።

ከዚህ የባሰው በመስመሩ ያለፈውን ዳታ የሚመዘግበው ቆጣሪ ነገር ነው። ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,296 ባይት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በ1 ጊጋቢት በሰከንድ የሚሠራ የሞላ መስመር ላይ ይህ 34 ሴኮንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። በ5 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዞረ ሶፍትዌሩ ስለማያውቅ ዝቅተኛ የውሸት ቁጥር ያሳያል። መፍትሔው ባለ 64 ቢት ቆጣሪዎቹን ማንበብ ነው፤ ለዚህም የኤስኤንኤምፒ ስሪት 2ሲ ወይም 3 ያስፈልጋል፣ ስሪት 1 አይችልም። 2ሲ የይለፍ ቃሉን ሳያመሰጥር ስለሚልክ ከተቻለ 3ን ምረጡ፤ ካልተቻለ ቢያንስ «ፐብሊክ» የሚለውን የተለመደ ቃል ቀይሩት።

«ትሬስራውት መሃል ላይ የፓኬት መጥፋት ካሳየ ጥፋቱ እዚያ ነው»

ትሬስራውት ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) እስከ መድረሻው የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ ያሳያል። መጨረሻው ላይ ምንም ካልጠፋ ጥፋቱ መሃል ላይ አይደለም። ብዙ ራውተሮች ሌላውን ትራፊክ ያለችግር እያሳለፉ ለራሳቸው የመጣውን ምርመራ ግን ሆን ብለው በቁጥብ ይመልሳሉ። ጉዳይ የሚሆነው መጥፋቱ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ ነው።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ከሠራ ቅርንጫፉም ይሠራል»

ካርታው የሚያየው መከታተያው ሰርቨር ከተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። የቅርንጫፉ ሠራተኛ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር) ሲገባ ገጹ መከፈት ጀምሮ ከተንጠለጠለ፣ ፒንጉም ደህና ከሆነ፣ የፓኬቱን መጠን ጠርጥሩ። ተራ ፒንግ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል። ከቅርንጫፉ ሆኖ «አትከፋፍል» የሚለውን ምልክት አብርቶ ባለ 1472 ባይት ፒንግ መላክ ነው፤ ከ28 ባይት ራስጌው ጋር 1500 ይሆናል። ካላለፈ 1400፣ ከዚያ 1350 እያሉ የሚያልፈውን ማግኘትና የቪፒኤኑን ኤምቲዩ (የሚያልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) በዚያ ልክ ማስተካከል። በቋሚነት ለመከታተል ቅርንጫፉ ውስጥ በአነስተኛ ኮምፒውተር ላይ የዛቢክስ ፕሮክሲ (ለዋናው መከታተያ መረጃ የሚሰበስብ ረዳት ፕሮግራም) ይቀመጥ፤ መስመር ሲቋረጥ መረጃውን ይዞ ቆይቶ ሲመለስ ይልከዋል።

«ሁለት መስመር ስለተሳለ አንዱ ቢቆረጥ ግድ የለም»

ሁለቱም ኬብሎች በአንድ ቱቦ ውስጥ ካለፉ አንድ ቆፋሪ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል፤ ካርታው ስለ ቱቦ አያውቅም። በአንድ ቱቦ ባያልፉም ሙከራ ያስፈልጋል። የቆየው ስፓኒንግ ትሪ (ስዊቾች ትርፍ መስመርን ዘግተው ሲያስፈልግ የሚከፍቱበት ዘዴ) ወደ ሁለተኛው መስመር ለመሻገር ከ30 እስከ 50 ሴኮንድ ይወስዳል፤ አዲሱ ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ በትክክል ከተዋቀረ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሴኮንድ አያልፍም። ፒንጉን በሴኮንድ አንድ ጊዜ እያስኬዱ ዋናውን ኬብል መንቀል፣ የጠፉትን መቁጠር፤ ከ30 በላይ ከጠፋ አንዱ ስዊች አሁንም በአሮጌው ዘዴ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ኬብሉ ሲመለስም ቆጠራው ይደገም፤ ወደ ዋናው መስመር በመመለሱ ላይ ሌላ መቋረጥ የሚያስከትሉ ቅንብሮች ብዙ ናቸው።