የጣና ዓሣ አመራረጥና አበላል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ደርሶ የጣናን ዓሣ ሳይቀምስ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። ዓሣው ጥሩ ምግብ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ስለ አመራረጡና ስለ አበላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉ አንዳንድ እምነቶች ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ጤናንም ስለሚያስከፍሉ በየተራ መመርመር ይገባቸዋል።

«ሐይቁ አጠገብ የሚሸጥ ዓሣ ሁሉ ትኩስ ነው።» ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ሲሆን አስጋሪዎች መረባቸውን ብዙውን ጊዜ ማታ ጥለው ጠዋት ያነሳሉ። ስለዚህ አመሻሹ ላይ መረብ የገባ ዓሣ እዚያው ሞቶ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያም በደንገል ታንኳ ወይም በጀልባ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ በረዶ፣ ወደ ዳር ይጓዛል። የዓሣ ሥጋ ከበሬ ሥጋ ይልቅ ለስላሳና ውሃ የበዛበት በመሆኑ፣ በባሕር ዳር ሙቀት ጠዋት የወጣው እስከ ማታ ሊበላሽ ይችላል። የትኩስነቱ ምስክር እንግዲህ የሐይቁ ቅርበት ሳይሆን ዓሣው ራሱ ነው፦ ዐይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚሞላ መሆን አለበት። ዐይኑ የጎደጎደና የደፈረሰ፣ ስንጥቡ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ የዞረ፣ ሆዱ የላላ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። «ዓሣ መቼም መሽተቱ አይቀርም» የሚለው አባባልም ተቀባይነት የለውም፤ ትኩስ ዓሣ የሐይቅ ውሃና የሣር ዓይነት ቀላል ጠረን ብቻ ሲኖረው፣ የሚከረፋው ባክቴሪያ ሥጋውን ማፍረስ ከጀመረ በኋላ ነው።

በረዶ ላይ የተቀመጠን ዓሣ እንደ አሮጌ ቆጥሮ ማለፍም ስሕተት ነው። ከውሃ እንደወጣ በበረዶ የተያዘ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከሳምንት በላይ ለምግብነት ብቁ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በረዶ ግን መበላሸትን ያዘገያል እንጂ የተበላሸውን አይመልስምና፣ እዚህም ስንጥቡን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

ምግብ ቤት ገብቶ ፊሌቶ (ቆዳውና አጥንቱ የወጣለት የዓሣ ሥጋ) ያዘዘ መንገደኛ አንዳንድ ጊዜ «የጣናን ናይል ፐርች በላሁ» ይላል። ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ግን በጣና የለም። ወደ 40 ሜትር የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ዘግቶ ኖሯል፤ ናይል ፐርች የሚገኘው እንደ ጫሞና ዓባያ ባሉ ሐይቆችና እንደ ባሮ ባሉ ወንዞች ነው። ከጣና ወጥቶ ሳህን ላይ የሚቀርበው በአብዛኛው ቆሮሶ፣ አምባዛ ወይም ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም፤ ሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚለው ወገን ሲሆን፣ በሐይቁ ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ያሉትና አብዛኞቹም ከጣና በቀር በየትኛውም ዓለም የማይገኙ ናቸው። ፊሊፒንስ ውስጥ ባለው ላናዎ ሐይቅ ይኖሩ የነበሩት የዚሁ ቤተሰብ ዓሦች አብዛኞቹ ከጠፉ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ የዝርያዎች ስብስብ የቀረው ጣና ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህን ሳያውቁ በልቶ መሄድ ያሳዝናል። ለተመጋቢው የሚጠቅመው ነገር ነጭ ዓሣ በሥጋው መካከል የተሰገሰጉ ቀጫጭን አጥንቶች ያሉት መሆኑ ነው፤ ለሕፃናት ቆሮሶ ይሻላቸዋል። ፊሌቶ ዐይንም ስንጥብም ስለማይታይበት፣ ሳይገፈፍና ሳይከፈል ሙሉውን ዓሣ ለማየት መጠየቅ የደንበኛ መብት ነው።

«ሎሚና ሚጥሚጣ ጥሬውን ዓሣ ያበስሉታል» የሚለው እምነት አደገኛ ነው። የሎሚ አሲድ የሥጋውን ቀለም ያነጣዋል፣ ጠንከር ያለም ያስመስለዋል፤ ጥገኛ ትሎችን ግን አያጠፋም። በጣና ዓሦች ሆድ ዕቃ ውስጥ ኮንትራሲከም የተባለ ትል ዕጭ እንደሚገኝ በምርምር የታወቀ ሲሆን፣ የዚህ ወገን ትሎች ጥሬ ዓሣ የበላን ሰው ለከባድ የሆድ ሕመም ሊዳርጉት ይችላሉ። አስተማማኙ መንገድ መሐሉ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ፣ ማለትም ሥጋው ድፍን ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪላቀቅ፣ ማብሰል ነው። ስለዚህ ጥብስም ሆነ ጉላሽ ሲቀርብ ወፍራሙን ክፍል ከፈል አድርጎ ማየት፣ አጥንቱ አጠገብ መስታወት የመሰለ ጥሬነት ከታየበትም ወደ ወጥ ቤት መመለስ ተገቢ ነው። ዱለትም ለብለብ ተደርጎ ሳይሆን በደንብ በስሎ ቢበላ ይመረጣል።

አምባዛን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላው ሰው አለ፤ ይህ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ሊከበርም ይገባል። «ጭቃ ስለሚበላ ሥጋው ቆሻሻ ነው» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። የአፈር ጣዕሙ የሚመጣው ውሃ ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ከሚያመነጩት ጂዮስሚን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም ቆሮሶ ላይ ሊኖር ይችላል፣ በጤና ላይም ጉዳት አያደርስም። ጣዕሙን በሎሚ ማለዘብ ይቻላል፤ ሎሚ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ዓሣን ከወተት ጋር መብላት ለምጽ ያወጣል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም። ለምጽ የመሰለው የቆዳ መንጣት የሚከሰተው የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳትን ሲያጠቃ ነው።

የመጨረሻው «ክረምት ዓሣ የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ የፈለጉትን መግዛት ማንንም አይጎዳም» የሚለው ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነጭ ዓሣ ገበያ ላይ የሚበዛው፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ሐይቁ በሚገቡት በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች አፍ ላይ ስለሚሰበሰቡና መረብ እዚያው ስለሚጠብቃቸው ነው። እንቁላሉን ሳይጥል የተያዘ ዓሣ ተተኪ አይኖረውም፤ የነጭ ዓሣ ሀብት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እጅግ ካሽቆለቆለባቸው ምክንያቶች ዋናው ይኸው ነው። በእነዚህ ወራት ባሕር ዳር የሚገኝ ሰው ቆሮሶ ወይም አምባዛ ቢያዝ፣ ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ሲቀርብለትም ምክንያቱን ለሻጩ ነግሮ ባይገዛ መልካም ነው።