ጸጋ ምንድን ነው? ኃጢአት ተሰረየ ሲባልስ ምን ሆነ ማለት ነው?

ጸጋ ባጭሩ ሳይገባን እግዚአብሔር በነፃ የሚሰጠን ቸርነት ነው፣ የኃጢአት ስርየት ደግሞ የዚህ ቸርነት ትልቁ ፍሬ ነው፣ በደላችን ከላያችን ተነስቶ ከሱ ጋር መታረቃችን ማለት ነው። እዚህ ድረስ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አይጣላም። ጣጣው የሚጀምረው በነፃ ነው ሲባል ነው። አንዱ በነፃ ከሆነማ ኃጢአት ያን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም ብሎ ይዘናጋል፣ ሌላው ደግሞ በነፃማ አይሆንም መጀመሪያ እኔ ልስተካከል ከዛ እመጣለሁ እያለ እድሜውን ከቅጥሩ ውጪ ቆሞ ይጨርሳል። በጣም የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ነው።

ጌታ ራሱ እንዴት እንዳስረዳው ብናይ ይሻላል። ማቴዎስ 18 ላይ ጴጥሮስ ወንድሜ ቢበድለኝ ስንቴ ይቅር ልበለው፣ እስከ ሰባት ጊዜ? ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት ሆነና ወዲያው ምሳሌ ተከተለ፣ እልፍ መክሊት ዕዳ ያለበት ባሪያ ንጉሡ ፊት ቀረበ። ይሄን ስናነብ ብዙ ብር ነው ብለን እናልፈዋለን ግን እስቲ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። እልፍ 10,000 ነው፣ አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይሆናል፣ አንድ ዲናር የቀን ሰራተኛ የአንድ ቀን ደሞዝ ነው (ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ ቦታ ሰራተኞች የተስማሙት በዚሁ ነው)፣ ስለዚህ ዕዳው 60 ሚሊዮን የስራ ቀን ነው ማለት ነው፣ ሰውየው አንድም ቀን ሳያርፍ የሚያገኘውን በሙሉ ቢያስረክብ እንኳን ከ160 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እና ምን ብሎ እንደለመነ አስተውሉ፣ "ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ" ነው ያለው። ጊዜ ነው የጠየቀው። እከፍላለሁ ብሎ ያምናል እኮ! ንጉሡ ግን ቀጠሮ አላራዘመለትም፣ አዘነለትና ዕዳውን ራሱን ተወለት። ጸጋ ይሄ ነው፣ ሰውየው ሊለምን ያላሰበውን ነው ያገኘው።

ታዲያ ዕዳው የት ሄደ? ብዙ ሰው ይሄን ጥያቄ ይዘለዋል። 60 ሚሊዮኑ ዲናር በኖ አልጠፋም፣ ባሪያው ካልከፈለው ንጉሡ ከሰረ ማለት ነው። የክርስትና እምነት ስለ መስቀል የሚለው ይሄንኑ ነው፣ እግዚአብሔር ኃጢአትን ምንም አይደለም ብሎ አላለፈውም፣ ኪሳራውን በልጁ ሞት ራሱ ወሰደው እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስ ሮሜ 5 ላይ ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው ይላል፣ ገና ሳለን፣ ተስተካክለን ከጨረስን በኋላ አይደለም። ስለዚህ ለኛ በነፃ ነው ሲባል ማንም ምንም አልከፈለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ንስሐ እንምጣ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፣ ሰው ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ እሳቸው ቀኖና ይሰጡታል፣ ጾም ስግደት ጸሎት ምጽዋት እንደ አቅሙ፣ ከዛ እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉታል፣ ጌታ በዮሐንስ 20 ለሐዋርያት በሰጠው ሥልጣን ማለት ነው፣ ቀጥሎም ወደ ሥጋ ወደሙ ይቀርባል። ብዙ ወጣት ግን ቀኖናን እንደ ክፍያ ነው የሚያየው፣ ይሄን ያህል ሰገድኩ ስለዚህ ይሄን ያህል ተሰረዘልኝ ዓይነት ሒሳብ። እንደዛ ከሆነ ወደ 160 ሺህ ዓመቱ ተመለስን። አባቶች እንደሚያስተምሩት ቀኖና መድኃኒት ነው፣ ቁስሉ እንዲሽር የሚታዘዝ፣ የይቅርታው ዋጋማ በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ይሄን ያልተረዳ ሰው ነው አሁን ወጣት ነኝ እሳሳታለሁ ስሸመግል እቆርባለሁ እያለ የሚያራዝመው፣ እስኪሸመግል እንደሚቆይ ማን ነገረው? ደግሞ በተቀደሰ ቁጥር ሕዝቡ ሞልቶ ሳለ ወደ ቁርባን የሚቀርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ብቻ ሲሆኑ አንጀት ይበላል። ፈያታዊ ዘየማንን፣ ከጌታ ጋር በቀኙ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ አስቡት፣ በግራ ያለው ወንበዴ ሲሳደብ እሱ እኛስ በሚገባ ነው የተፈረደብን ብሎ ጥፋቱን አመነና አስበኝ አለ፣ ሊጾም ሊሰግድ ሊመጸውት ጊዜ አልነበረውም፣ እጅ እግሩ ተቸንክሯል። ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ ነው የተባለው። እርግጥ እሱ ያገኘው የመጨረሻ ሰዓት ስለነበር ነው እንጂ እስከ መጨረሻው ሰዓት ጠብቁ ለማለት አይደለም።

በነፃ ነው ብለው ወደሚዘናጉት ሰዎች ስንመጣ፣ ከጸጋ በታች ነኝ ከሕግ በታች አይደለሁም የሚለውን ጥቅስ ለፈለጉት ነገር ሁሉ ፈቃድ የሚያደርጉ አሉ። ጥቅሱ ያለበት ምዕራፍ (ሮሜ 6) የሚጀምረው ግን ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን? አይደለም ብሎ ነው። ኤፌሶን 2 ላይም ቁጥር 8 እና 9 ከሥራ አይደለም ሲል በቃሉ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው፣ ቁጥር 10 ግን ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል፣ ሶስቱ አብረው ነው መነበብ ያለባቸው።

ይሄ ክርክር የቆየ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጲላግዮስ የሚባል መምህር ሰው በራሱ ጥረት ያለ ኃጢአት መኖር ይችላል ሲል የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ ተከራከረው፣ በ418 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የካርቴጅ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ፣ እኛ ኦርቶዶክሶችም በምንቀበለው በ431ዱ የኤፌሶን ጉባኤ ሀሳቡን የያዙት ተወገዙ። ከ1517 ጀምሮ ደግሞ በሉተር ምክንያት የምዕራቡ ቤተክርስቲያን በዚሁ ጉዳይ ተከፈለ፣ በ1999 አውግስቡርግ ላይ ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሰው የሚጸድቀው በራሱ ሥራ ሳይሆን በጸጋ ነው የሚል የጋራ ሰነድ ፈረሙ (መካነ ኢየሱስ የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናት)። ልዩነቱ ሁሉ አላለቀም ግን ትልቅ ነገር ነው።

የምሳሌው ሁለተኛ ክፍል ብዙ አይሰበክም። ያ ባሪያ ከንጉሡ ፊት እንደወጣ 100 ዲናር ዕዳ ያለበትን ጓደኛውን አገኘና አነቀው፣ የሦስት ወር ምናምን ደሞዝ ለማለት ነው። ጓደኛው እሱ ራሱ ቅድም ባለው ቃል ነው የለመነው፣ ታገሠኝ። እሱ ግን እስር ቤት አስገባው። ንጉሡ ሲሰማ ምሕረቱን ሻረበት። አስፈሪ ነው ይሄ፣ ጌታም ወንድማችሁን ከልባችሁ ይቅር ካላላችሁ አባቴ እንዲሁ ያደርግባችኋል ብሎ ነው የዘጋው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይቅር መባል ያደረስነው ጉዳት ጠፋ ማለት አይደለም። ዳዊት በድያለሁ ሲል ነቢዩ ናታን እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል አትሞትም አለው፣ ሚስቱን ወስዶ ያስገደለው ኦርዮ ግን ከሞት አልተነሳም፣ የዳዊትም ቤት ከዛ በኋላ ሰላም አላገኘም። ዘኬዎስ ደግሞ ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ገና ምንም ሳይመልስ ነው፣ ከገባ በኋላ ግን ተነስቶ ግማሽ ሀብቴን ለድሆች፣ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የሰው ገንዘብ በልተህ ከሆነ፣ የሰው ስም አጥፍተህ ከሆነ፣ ንስሐ አባትህም የሚሉህ ይሄንኑ ነው፣ ሂድና መልስ፣ ሂድና ስሙን አድስለት።