የሴቶች መዶሻ ውርወራ ምንድን ነው? የሩብ ምዕተ ዓመቱ ስፖርት በአኒታ ቭዎዳርቺክ በኩል

እኛ አትሌቲክስ ስንል ሩጫ ማለታችን ነው። ኦሊምፒክ ሲመጣ 5 ሺህ፣ 10 ሺህ፣ ማራቶን እያልን ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጣለን። ሯጮቹ ትራኩን ሲዞሩ ግን ሜዳው መሃል ሌላ ውድድር አለ። ካሜራው ለአፍታ ወደዚያ ዞር ይልና ይመለሳል። ብዙዎቻችን መዶሻ ውርወራን የምናውቀው በዚያች አፍታ ብቻ ነው። አንዲት ሴት መረብ ውስጥ ትሽከረከራለች፣ ትጮኻለች፣ አንድ ኳስ ወደ ሰማይ ይወጣል። አለቀ።

ኦገስት 15 ቀን 2016 ጠዋት ሪዮ ላይም እንዲሁ ሆነ። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የእኛ ዓይን የሴቶች 3 ሺህ ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ላይ ነበር። ሶፊያ አሰፋ አለች። በማጣሪያው ጫማዋ ወልቆ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ የጨረሰችው እቴነሽ ዲሮም አለች። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ስታዲየም፣ አኒታ ቭዎዳርቺክ የምትባል ፖላንዳዊት መዶሻዋን 82.29 ሜትር ላከችው። የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ሁለተኛ የወጣችው ቻይናዊት ዣንግ ዌንሺዩ የወረወረችው 76.75 ነበር። በኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ከ5 ሜትር በላይ ልዩነት!

ዛሬ ካሜራውን እዚያው ሜዳው መሃል እናቁመው።

መሣሪያው ቀላል ነው። የብረት ኳስ፣ ረጅም ሽቦ፣ ሽቦው ጫፍ ላይ እጀታ። የሴቶቹ ሁሉም ተደምሮ 4 ኪሎ ይመዝናል፣ የወንዶቹ 7.26 ኪሎ። የሴቶቹ መዶሻ ርዝመት ከ119.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ወርዋሪዋ የምትቆመው ከዳር እስከ ዳር 2.135 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ኳሱ ያለ ቦታው ካመለጠ ሰው እንዳይጎዳ ክቡ ዙሪያውን በረጅም መረብ ታጥሯል። ጫማዋ እንደ ሯጮቹ ስፓይክ የለውም፣ ሶሉ ልሙጥ ነው፣ እንዲያሽከረክራት።

በልጅነቱ ማማ ላይ ሆኖ ከማሽላው ወፍ ያባረረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሥራው የወንጭፍ ነው። ድንጋዩ ርቆ የሚሄደው ገመዱ ስለዞረ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ወርዋሪዋ ራሷም ከገመዱ ጋር ትዞራለች።

እስቲ አንዱን ውርወራ ቀስ ብለን እንየው። ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ትቆማለች። ግራ እጇ ላይ ጓንት አለ፣ ቀኝ እጇን ከላዩ ትደርበዋለች። ኳሱን ከራሷ በላይ አንዴ ሁለቴ ታዞረዋለች። ገና አልቸኮለችም። ከዚያ ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድ መላ ሰውነቷ ተከትሎት ይዞራል። ግራ እግሯ መሬቱን አይለቅም፣ መጀመሪያ በተረከዙ ቀጥሎ በፊተኛው መርገጫው ይሽከረከራል። ቀኝ እግሯ ይነሳና ዞሮ ያርፋል። ይህ አንድ ዙር ነው። ጎበዝ ወርዋሪዎች ሦስት ወይም አራት ይዞራሉ። አኒታ የምትዞረው አራት ነው።

ዋናው ነገር ያ ቀኝ እግር ነው። ኳሱ ፍጥነት የሚያገኘው በአብዛኛው ሁለቱም እግሮች መሬት በያዙበት ቅጽበት ነው። ቀኝ እግሯ ቶሎ ባረፈ ቁጥር ኳሱን የምትገፋበት ጊዜ ይረዝማል። ክንዶቿ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል። ሥራው የእግርና የወገብ ነው። ክንዱን አጥፎ ኳሱን ልጎትት ያለ ሰው ኳሱ የሚዞርበትን ክብ ያጠበዋል፣ ርቀቱም ያጥርበታል። ለዚህ ነው በጉልበት ብቻ የማይሆነው። ጂም ውስጥ ከአኒታ በላይ ብረት የሚያነሳ ሰው ይህን መዶሻ ቢሰጡት 40 ሜትር ለማድረስ ይቸገራል ብዬ አምናለሁ።

እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይፈጥናል። የመጨረሻው ዙር ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። በዚያች ሰዓት 4 ኪሎ የነበረው ነገር ከ150 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ውጪ ይስባታል። እሷ ደግሞ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበቷን አጥፋ፣ ወደ ኋላ ተዘንብላ ትመክተዋለች። ስትለቀው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል።

መቼ ትልቀቀው? ኳሱ ማረፍ ያለበት 35 ዲግሪ ገደማ ተከፍተው በተሰመሩ ሁለት ነጭ መስመሮች መካከል ነው። በዚያ ፍጥነት ሁለት መቶኛ ሰከንድ መቅደም ወይም መዘግየት ከመስመር ውጪ ለማውጣት ይበቃል። የክቡን ጠርዝ ከላይ ብትረግጥም ውርወራው ይሰረዛል። ሪዮ ላይ ፍጻሜ የገቡት ሁሉ ሦስት ሦስት ሙከራ ነበራቸው። ምርጥ ስምንቱ ሦስት ተጨመረላቸው። ከስድስቱ የሚያዘው ረጅሙ ነው።

ወንዶች ይህን ውድድር ኦሊምፒክ ላይ የጀመሩት በ1900 ነው። ሴቶች? በ2000፣ ሲድኒ ላይ። መቶ ዓመት ሙሉ! በዓለም ሻምፒዮናም ቢሆን የጀመሩት በ1999፣ ሴቪያ ላይ ነው። ስፖርቱን የሚመሩት ሰዎች ለረጅም ዘመን ይህ የሴት ሥራ አይደለም ብለው ነው የኖሩት። በርዕሱ ሩብ ምዕተ ዓመት ያልኩት ለዚህ ነው፣ የሴቶች መዶሻ ውርወራ ገና ወጣት ስፖርት ነው።

ሲድኒ ላይ የመጀመሪያውን ወርቅ የወሰደችው የ17 ዓመት ልጅ ናት። ካሚላ ስኮሊሞቭስካ፣ ከፖላንድ። 71.16 ሜትር ወረወረች። ያኔ ራቪች በምትባል ከተማ የተወለደችው አኒታ 15 ዓመቷ ነበር። በኋላ ሁለቱ ተዋወቁ፣ አብረው የፖላንድን ማልያ ለበሱ። በፌብሩዋሪ 2009 ካሚላ ፖርቱጋል ውስጥ ልምምድ ላይ እያለች በድንገት አረፈች። ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶ ነው። ዕድሜዋ 26 ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ የበርሊን የዓለም ሻምፒዮና መጣ። አኒታ 77.96 ወርውራ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በደስታ ስትዘል ቁርጭምጭሚቷ ተጎዳ! ውርወራው ግን የሚደርስበት ጠፍቶ የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና ወርቋን አገኘች። ከዚያ በኋላ ባሉት ውድድሮች የካሚላን ጓንት አድርጋ መወርወሯ ፖላንድ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ጓንት ለመዶሻ ወርዋሪ ተራ ዕቃ አይደለም። ያ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው በእሱ ውስጥ ባሉት አራት ጣቶች ላይ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚከነክነኝ ጉዳይ ልግባ። ለንደን 2012 ላይ አኒታ 77.60 ወርውራ ብር አገኘች። ወርቁን የወሰደችው በ78.18 ሩሲያዊቷ ታቲያና ሊሴንኮ ናት። በቀጣዩ ዓመት በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ላይም እንደዚሁ፣ ሊሴንኮ አንደኛ፣ አኒታ ሁለተኛ። ሊሴንኮ ከዚያ በፊትም በአበረታች መድኃኒት ሁለት ዓመት ታግዳ የተመለሰች ናት። የለንደኑ ናሙና ዓመታት ቆይቶ እንደገና ሲመረመር ችግር ተገኘበት። በኦክቶበር 2016 ወርቁ ተነጠቀ። ሞስኮ ላይ ያገኘችውም ተሰረዘ። ሁለቱም ለአኒታ ሆኑ።

እንግዲህ አስቡት። ሪዮ ላይ ወርቅ ስታጠልቅ የመጀመሪያዋ መስሏት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛዋ ሆኖ ተገኘ። ሜዳልያው ይመለሳል፣ መዝገቡም ይስተካከላል። ስታዲየም ሙሉ ሰው ፊት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ መቆም ግን አይመለስም። ለንደንም ሞስኮም የተዘመረው የሩሲያ መዝሙር ነው። ይህን እኛም እናውቀዋለን። በዚያው በለንደን ኦሊምፒክ ሶፊያ አሰፋ በ3 ሺህ መሰናክል ነሐስ አጥልቃ ነው የተመለሰችው። አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት ዩሊያ ዛሪፖቫ በዶፒንግ ስትሰረዝ ነሐሱ ብር ሆነ። ንጹህ አትሌት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው። ሌባው ሲያዝ እንኳ የተሰረቀው ቀን አይገኝም።

ወደ ውርወራው እንመለስ። የሴቶች 80 ሜትር ለዓመታት የማይደረስ ይመስል ነበር። ጀርመናዊቷ ቤቲ ሃይድለር በ2011 79.42 ላይ ደረሰች። አኒታ በ2014 ወደ 79.58 አሳደገችው። በኦገስት 2015 ደግሞ ጼትኒየቮ በሚባለው የባልቲክ ባሕር ዳርቻ የልምምድ ማዕከል 81.08 ወረወረች። 80ን ጠጋ ብላ አልነካችውም፣ አልፋው ሄደች። በዓመቱ የሪዮው 82.29 መጣ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ኦገስት 28 ቀን ዋርሶ ላይ 82.98። ያ የዋርሶ ውድድር የካሚላ ስኮሊሞቭስካ መታሰቢያ ነው። እስካሁን ያልተሰበረው ክብረ ወሰን የተመዘገበው በጓደኛዋ ስም በሚካሄድ ውድድር ላይ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ጉልበቷ ታመመ። በ2019 ኦፕራሲዮን አድርጋ የዶሃው የዓለም ሻምፒዮና አመለጣት። ብዙ ሰው አበቃላት አለ። ቶኪዮ ላይ ግን በ2021 በ78.48 ሜትር ሦስተኛ ወርቋን ወሰደች። በተከታታይ ሦስት ኦሊምፒክ በአንድ የግል የአትሌቲክስ ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ ሪዮን ማስታወስ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ ሜትር ቤጂንግና ለንደን ላይ አሸንፋ ለሦስተኛው ሪዮ ሄደች። አልማዝ አያና የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረችበት በዚያ የእብደት ሩጫ ጥሩነሽ ሦስተኛ ወጣች። ኒውዚላንዳዊቷ ቫለሪ አዳምስም በአሎሎ ሦስተኛዋን ፈልጋ ብር አገኘች። ቼካዊቷ ባርቦራ ሽፖታኮቫ በጦር ውርወራ፣ ጃማይካዊቷ ሼሊ አን ፍሬዘር ፕራይስ በ100 ሜትር፣ ሁለቱም ነሐስ። አራት የዘመኑ ኮከቦች በአንድ ኦሊምፒክ ሞክረው አራቱም አልተሳካላቸውም። በሩጫ ይህን ያደረገችው ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕየጎን ናት፣ በ1,500 ሜትር፣ ያውም በፓሪስ 2024።

አኒታ ከቶኪዮ በኋላም አላቆመችም። በጁን 2022 መኪናዋን ሊሰርቅ የገባ ሰው አገኘች። ተከታትላ ያዘችው። ለፖሊስም አስረከበችው። የጭኗ ጡንቻ ግን ተጎዳ፣ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ የዚያ ዓመት ውድድር በሙሉ ቀረ። ዩጂን ላይ የተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ያለ እሷ አለፈ። ዕድሜዋ ወደ 37 እየተጠጋ ነበር።

ፓሪስ ላይ 39 ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀን ሲቀራት ፍጻሜ ገባች። 74.23 ወረወረች። ነሐስ ያገኘችው ቻይናዊቷ ዣዎ ጂዬ 74.27። በአራት ሴንቲ ሜትር አራተኛ ማለት ነው። ከእጅ ለሚለቀቅ ነገር አራት ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለችም፣ አንድ ዙር ላይ ቀኝ እግር ትንሽ ዘግይቶ ካረፈ ሄደች።

በፓሪስ ወርቁን የወሰደችው ካናዳዊቷ ካምሪን ሮጀርስ ናት። ከአኒታ በኋላ 80 ሜትርን ካለፉት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። አሜሪካውያኑ ዲያና ፕራይስና ብሩክ አንደርሰንም አልፈውታል። ሮጀርስ በ2025ቱ የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና 80.51 ወርውራ አሸንፋለች። ከአኒታ ሌላ ማንም ሴት ያን ያህል ወርውራ አታውቅም። ወደ 82.98 ለመድረስ ገና 2 ሜትር ከ47 ይቀራል።