የኦርጋኒክ እርሻ ድጎማ ምንድን ነው? ሽልማት ግን አይደለም

አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን አንዱ ስልኩን አውጥቶ «እዩት ይሄን የጀርመን ገበሬ፣ ኦርጋኒክ ነኝ ስላለ መንግሥት ይሄን ሁሉ ዩሮ ሸለመው፣ ስሙም ወጥቷል» አለ። ይሄን አባባል በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ስራዬ ኦዲት ስለሆነም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወንድሜ፣ ሽልማት አይደለም። አውሮፓ ህብረት ውስጥ ለኦርጋኒክ ገበሬ የሚከፈለው በሄክታር ነው፣ የሚሰላውም በጨመረበት ወጪና በቀረበት ገቢ ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያና ፀረ አረም መድኃኒት ሲተው ምርቱ ይቀንሳል፣ አረሙ ጉልበት ይበላል፣ ደግሞ ስንዴ ከሆነ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ ሁለት አመት በኦርጋኒክ ደንብ መቆየት አለበት፣ ፍራፍሬ ከሆነ ከመለቀሙ በፊት ሶስት አመት፣ እስከዛ ድረስ ወጪው የኦርጋኒክ ሆኖ የሚሸጠው በተራው ዋጋ ነው። ክፍያው ያንን ክፍተት ለመሸፈን ነው።

እድርን አስቡት። ሀዘን ለደረሰበት ሰው ብር ይሰጣል፣ መዝገቡም አባላት ፊት ይነበባል፣ ግን «እከሌ ዘንድሮ አተረፈ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብሩ ለድንኳን፣ ለቀብር፣ ለለቀስተኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚነበበው ገንዘቡ የጋራ ስለሆነ ነው። የቤተሰቡን ጓዳ ግን ማንም አያነብም። አውሮፓ ህብረትም ድጎማ የተከፈላቸውን ስምና የብሩን መጠን ለህዝብ ያወጣል። የህብረቱ ፍርድ ቤት በ2010 የፈረንጆች አቆጣጠር ያለው ለዚህ የሚቀርብ ነገር ነው፣ የግለሰብ ገበሬዎችን ስም መጠኑንና አይነቱን ሳይለዩ በጅምላ ማውጣት ከልክ ያለፈ ነው አለ፣ የድርጅቶቹ ግን እንዲቀጥል ፈቀደ። በ2013 ህጉ ተስተካክሎ የሰውም ስም ተመለሰ፣ ከ1,250 ዩሮ የማይበልጥ ያገኘ ትንሽ ገበሬ ግን ስሙ አይወጣም። ስለዚህ «ስም ማውጣት ማዋረድ ነው» ለሚለውም መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ።

አንድ የኦዲተር ነገር ልጨምር፣ የህብረቱ የግብርና በጀት አመት ከኦክቶበር 16 እስከ ኦክቶበር 15 ነው፣ ክፍያ ከዘገየ የሁለት አመት ብር በአንድ አመት ስር ሊታይ ይችላል፣ ቁጥሩ አበጠ ብላችሁ አትጩሁ። የኦርጋኒክ ሰርተፊኬትና ድጎማም አንድ አይደሉም፣ የኛ ኦርጋኒክ ቡና ውጭ ሲሸጥ የሚጨመርለትን ፕሪሚየም፣ ማለትም ከተራው ዋጋ በላይ ያለውን፣ የሚከፍለው ገዢው ነው እንጂ መንግሥት አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ህጉ ስም፣ ወረዳ፣ የክፍያው አይነትና ብር እንዲወጣ ያስገድዳል፣ ሄክታሩን ግን አያስገድድም። 20,000 ዩሮ ለ10 ሄክታርና ለ100 ሄክታር አንድ ነገር ነው እንዴ? ግልጽነት የምትፈልጉ ሰዎች ከስሙ ጎን የሄክታር አምድ እንዲጨመር ብትጠይቁ፣ ማኪያቶ ቤት ያለው ክርክር ግማሹ ያልቅ ነበር።