ፈንጣጣን ያስተናገዱ ቤቶች፦ የጃፓን የበሽታ አምላክና የሐኪሞቹ ታሪክ

ሆሶጋሚ በጃፓን የሕዝብ እምነት ውስጥ የፈንጣጣ አምላክ ነው። በተለይ በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል ማለት ይቻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጅ በፈንጣጣ ሲያዝ ቤተሰቡ በሽታውን አይሰድበውም፣ አይራገመውም። ቦታ ያዘጋጅለታል። ምግብና መጠጥ ያቀርብለታል። ቀኑ ሲደርስም በክብር ይሸኘዋል።

ይህን ልማድ «ኋላቀርነት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ከጃፓን የሕክምና ታሪክ ይህን ያህል የሚያስተምር ምዕራፍ ያለ አይመስለኝም። ሰዎች መድኃኒት ያልተገኘለትን ፍርሃት እንዴት ችለው እንደኖሩ እዚህ ላይ ይታያል። መድኃኒቱ ሲመጣ መጀመሪያ ለምን እንደተፈራ፣ በኋላም ምን እንዳስወደደው የሚገባን ይህን ልማድ ስናውቅ ነው።

ፈንጣጣ በጃፓን ከባድ ጥፋት ያደረሰው በ735 ነው። ወረርሽኙ የጀመረው በኪዩሹ ደሴት፣ የውጭ መልእክተኞች በሚያርፉባት በዳዛይፉ ነበር። በ737 ዋና ከተማዋ ናራ ደረሰ። መንግሥቱን በእጃቸው የያዙት አራቱ የፉጂዋራ ወንድማማቾች በዚያው ዓመት ተራ በተራ ሞቱ። የታሪክ ተመራማሪዎች ከሕዝቡ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው እንዳለቀ ይገምታሉ። ንጉሠ ነገሥት ሾሙ በ743 ታላቁን የናራ ቡድሃ እንዲሠራ ያዘዘው ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ነው። ረሃብም አመፅም ነበረበት። ሐውልቱ በ752 ተመረቀ፤ ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ናራን የሚጎበኝ ሰው ሐውልቱ ከወረርሽኝ ሐዘን ጋር እንደሚያያዝ ብዙ ጊዜ አያውቅም።

በሽታን እንደ እንግዳ የማየት ሐሳብ ግን ከፈንጣጣ አምላክም የቆየ ሥር አለው። አንድ ጥንታዊ ተረት እንዲህ ይላል። አንድ አምላክ መንገደኛ ሆኖ የሁለት ወንድማማቾችን በር አንኳኳ። ሀብታሙ ኮታን አላሳድርም አለ። ድሃው ሶሚን ሾራይ ካለችው ላይ አካፍሎ አሳደረው። አምላኩ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣና «ወረርሽኝ ሲመጣ ከሣር የተጎነጎነ ቀለበት ወገባችሁ ላይ እሰሩ፤ የሶሚን ዘር ነን በሉ፤ ትተርፋላችሁ» አለው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በኪዮቶ የሚከበረው የጊዮን በዓል አጀማመሩ በ869 ከተደረገ የወረርሽኝ ምሕላ ጋር ይያያዛል። እስከ ዛሬ ድረስ የኪዮቶ ሰዎች በበዓሉ ላይ «እኛ የሶሚን ሾራይ ዘሮች ነን» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቅጠል እስር ገዝተው በራቸው ላይ ይሰቅላሉ። በዚህ ተረት ከበሽታ የሚያድነው እንግዳ ተቀባይነት ነው።

ወደ ታመመው ልጅ ክፍል እንግባ። ከሁሉ በፊት ዓይን የሚስበው ቀዩ ቀለም ነው። ልጁ ቀይ ይለብሳል፤ አስታማሚዎቹም አንዳንዴ ቀይ ይለብሳሉ። ምክንያት ነበረው። የዘመኑ ሐኪሞች ሽፍታው ደማቅ ቀይ ከሆነ ልጁ እንደሚተርፍ፣ ጠቁሮ ወይን ጠጅ ከመሰለ ግን እንደሚያሰጋ ያምኑ ነበር። ስለዚህ በልጁ ዙሪያ ያለው ሁሉ ወደ ቀዩ እንዲስበው ይፈለጋል። ግድግዳው አጠገብ መደርደሪያ ይዘጋጃል። በላዩም ቀይ የወረቀት ዘለላ ይቆምበታል፤ ለአምላኩም ምግብና ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ ይቀርባል።

ለልጁ የሚመጡት ስጦታዎችም ቀይ ናቸው። ወድቆ የሚነሳው ዳሩማ የተባለ አሻንጉሊት አለ። ትልልቅ ዓይን ያለው ጉጉት አለ። ሳኬ የሚወደው ባለ ቀይ ፀጉር መንፈስ፣ ሾጆ፣ አለ። በቀይ ቀለም ብቻ የታተሙ ሥዕሎችም ይሸጡ ነበር። ከሥዕሎቹ ብዙ የሚታየው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቀስተኛ ሚናሞቶ ኖ ታሜቶሞ ነው። ሃቺጆ በምትባለው ሩቅ ደሴት ፈንጣጣ የማይገባው እሱ የበሽታውን ጋኔን ስላባረረ ነው ይባል ነበር። ከእነዚህ ሥዕሎች ለዛሬ የደረሱት ጥቂት ናቸው። ልጁ ሲድን ይቃጠላሉ ወይም ወንዝ ላይ ይለቀቃሉና።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አካባቢ፣ ቅርፊቱ መድረቅ ሲጀምር፣ የሩዝ እጣቢ ከሳኬ ጋር ተቀላቅሎ ይሞቅና ልጁ ላይ ይረጫል። ከዚያ ሽኝቱ ነው። ከሩዝ ገለባ የተሠራ ክብ የጆንያ ክዳን ይመጣል። በላዩ ቀዩ ወረቀትና ቀይ ባቄላ የገባበት ሩዝ ይቀመጥበታል። መንታ መንገድ ላይ፣ ከመንደሩ ዳር ወይም ወንዝ ዳር ይወሰድና ይተዋል። አምላኩ ሄደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ስለ እናቲቱ ነው። ልጇ ትኩሳት ላይ ነው። ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው። ሥርዓቱ ግን ለእጇ ሥራ፣ ለቀኗ ቁጥር ይሰጣታል። ዛሬ ይህ ይደረጋል፣ ነገ ያ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጎረቤት ቀይ ነገር ይዞ ይመጣል። ሕመምተኛው አይገለልም፤ እንዲያውም የቤቱ ትልቅ እንግዳ እሱ ጋ ነው ያለው። ቫይረሱን የሚገድል ነገር በዚህ ሁሉ ውስጥ የለም። ቤተሰቡን ከመፍረስ የሚያድን ነገር ግን አለ፤ ይህንን እንደ ከንቱ መቁጠር ለእኔ ይከብደኛል።

በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በአይዙ አካባቢ፣ አካቤኮ የሚባል አንገቱን የሚነቀንቅ ቀይ የላም አሻንጉሊት አለ። ሰውነቱ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች የፈንጣጣ ጠባሳ ናቸው ይባላል። ዛሬ የቱሪስት መታሰቢያ ሆኖ ይሸጣል።

በሽታው የማይቀር መሆኑን አንድ የድሮ አባባል በደንብ ያስቀምጠዋል፦ «ፈንጣጣ መልክን ይወስናል፣ ኩፍኝ ነፍስን ይወስናል።» ፈንጣጣ ፊት አበላሽቶ ሊሄድ ይችላል፤ ግን ሁሉም ያልፍበታል። አንዳንድ ቤቶች ደግሞ የፈንጣጣ አማልክት ራሳቸው የጻፉት የይቅርታ ደብዳቤ አለን ይሉ ነበር። «ይህ ወረቀት ካለበት ቤት አንገባም» የሚል ቃል የገቡበት ነው። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ብዙ መንደር ደርሷል። ከአምላክ ጋር ውል መዋዋል ማለት ነው፤ የጽሑፍ ውል።

ግን ጃፓን ሁሉ እንዲህ ነበር ማለት ስሕተት ነው። በኪዩሹ ባሉት እንደ ኦሙራና አማኩሳ ባሉ አካባቢዎች የታመመ ሰው ተራራ ላይ ወዳለ ጎጆ ይወሰድ ነበር፤ ቤተሰብም እንዳይጠጋው ይደረግ ነበር። ለምን ይህ ልዩነት? መልሱ ከበሽታው አካሄድ ይገኛል። እንደ ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ)፣ ኦሳካና ኪዮቶ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ፈንጣጣ አይጠፋም፤ በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል። ትልቅ ሰው ሁሉ በልጅነቱ አልፎበታል፣ ስለዚህ አስታማሚው አይያዝም። ሸሽቶ የሚደረስበት ቦታም የለም። በገለልተኛ መንደር ግን በሽታው ለብዙ ዓመት ጠፍቶ አንድ ቀን ሲመጣ ሽማግሌውንም ጎልማሳውንም ባንዴ ይጥላል። እዚያ ማስተናገድ ማለት ማለቅ ነው። ስለዚህ እንግዳ ተቀባይነቱ «የጃፓናውያን ባሕርይ» አይደለም። ሽሽት በማይቻልበት ቦታ የበቀለ ጥበብ ነው። ስለ ጃፓን ባህል የሚጻፉ ብዙ ነገሮች ይህንን ይዘልሉታል። አንድን ልማድ «የሕዝቡ መንፈስ» ብለው ይጠሩትና ከመሬቱ ነቅለው ያሳዩናል።

ሰሜን ላይ፣ ዛሬ ሆካይዶ በምንላት ደሴት፣ የአይኑ ሕዝብም የፈንጣጣ አምላክ ነበረው፤ ፓኮሮ ካሙይ ይባላል። የአይኑ ሰዎች በሽታው መጣ ሲባል መንደራቸውን ጥለው ወደ ተራራ ይሸሹ ነበር። ልክ ነበሩ። ከጃፓን ነጋዴዎች ጋር የመጣው በሽታ ደጋግሞ ጨርሷቸዋል።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ። በ1790 በኪዩሹ፣ በአኪዙኪ ግዛት፣ ኦጋታ ሹንሳኩ የሚባል ሐኪም ከቻይና የተማረውን ዘዴ ሞከረ። የደረቀ የፈንጣጣ ቅርፊት ፈጭቶ በልጆች አፍንጫ አስገባ፣ ተሳካለትም። አደጋ ግን ነበረው፤ እውነተኛ ፈንጣጣ ነውና። ከላም ፈንጣጣ የሚዘጋጀው የእንግሊዛዊው የጄነር ክትባት ጃፓን የገባው ብዙ ቆይቶ ነው። የባሕሩ ጉዞ ረጅም፣ ሙቀቱም ብርቱ ስለሆነ ፈሳሹ የሆላንድ መርከቦች ከሚያርፉባት ከናጋሳኪ ወደብ ሳይደርስ ይሞታል። በ1849 ለሆላንዶች ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ኦቶ ሞኒኬ ከባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) በፈሳሽ ፋንታ ቅርፊት አስመጣ። በቅርፊት ይሞከር ያለው ጃፓናዊው ሐኪም ናራባያሺ ሶኬን ነበር። ከሦስት ልጆች አንዱ ላይ ያዘ፤ የሶኬን የገዛ ልጅ ላይ። የሳጋ ገዥ ናቤሺማ ናኦማሳም ብዙ ሳይቆይ ወራሽ ልጁን አስከተበ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የልጆች ታሪክ ነው። ማቀዝቀዣ የለም። ክትባቱ በሕይወት የሚቆየው ከክንድ ወደ ክንድ ሲተላለፍ ብቻ ነው። በአንዱ ልጅ ክንድ ላይ ያበጠው በሳምንቱ ተከፍቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሰንሰለቱ አንዴ ከተበጠሰ አበቃ። የፉኩዊ ሐኪም ካሳሃራ ሃኩኦ በዚያው ዓመት ክረምት ከኪዮቶ ክትባቱን ለመውሰድ ልጆችንና ወላጆቻቸውን ይዞ ተነሳ። ቶቺኖኪ የተባለውን የተራራ ማለፊያ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ተሻገሩት። እነዚያ ልጆች በክንዳቸው ላይ አገር ይዘው ነበር የሄዱት። ስማቸውን ግን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

በኦሳካ ኦጋታ ኮዋን የክትባት ጣቢያ ከፈተ፤ እሱም በ1849። ሰው ግን አልመጣም። «የተከተበ ልጅ ላም ይሆናል» የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ኮዋንና ባልደረቦቹ ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ ለድሃ ቤተሰቦች ሩዝና ገንዘብ እየሰጡ ልጆች ለመኑ። ባለሥልጣናቱ እስኪቀበሉት እስከ 1858 ድረስ ከኪሳቸው እያወጡ ቆዩ። በዚያው ዓመት በኤዶ ከ80 በላይ ሐኪሞች ገንዘብ አዋጥተው ኦታማጋይኬ ላይ ጣቢያ ከፈቱ። የዛሬው የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሥሩን የሚቆጥረው ከዚያ ነው።

ወሬውን የረታው ክርክር ብቻ አይደለም፤ ሥዕልም ነው። የኤዶው ሐኪም ኩዋታ ሪዩሳይ ለሕዝብ የበተነው ሥዕል ላይ አንድ ልጅ ነጭ ላም ላይ ተቀምጧል። ጦር ይዟል። ፊት ፊቱ የፈንጣጣው ጋኔን ይሮጣል። እናቶች ይህን ቋንቋ ያውቁታል፤ ታሜቶሞ ጋኔኑን ሲያባርር በቀዩ ሥዕል ያዩት ነው። አሁን ቀስተኛው በልጅ ተተካ፣ የሚያስፈራው ላምም ወገን ሆነ። ሪዩሳይ «አምላካችሁ ውሸት ነው» አላለም። በሰዎቹ ሥዕል ውስጥ ለአዲሱ ነገር ቦታ አገኘለት። በ1857 ደግሞ መንግሥት ወደ ሰሜን ልኮት አይኑዎችን ከተበ። ያ ዘመቻ ነፍስ አድኗል፤ የጃፓንን ሥልጣን በአይኑ ምድር ላይ ማጽኛም ነበር። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ፈላስፋው ኢኖዌ ኤንሪዮ የተወለደው በ1858 ነው፤ ከቡድሃ ቤተ መቅደስ ቤተሰብ። በ1887 ዛሬ ቶዮ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን የፍልስፍና ትምህርት ቤት መሠረተ። አገሩን እየዞረ ስለ ጋኔንና መናፍስት የሚነገረውን ሰበሰበ፤ አብዛኛውንም በስሕተት፣ በማታለልና በአእምሮ ሥራ አስረዳ። ሕዝቡ «ዶክተር ጋኔን» ይለው ነበር። አንድ ነገር ግን አልጣለም። ሐሰተኛው ምሥጢር ሁሉ ከተጠረገ በኋላ እውነተኛው ምሥጢር ይቀራል አለ፤ እሱም የዓለም መኖር ራሱ ነው። አእምሮ ሕመምን ለመፈወስ ስላለው ድርሻም በ1904 ጽፏል። በኤንሪዮ የምስማማው በግማሽ ነው። የፈንጣጣው አምላክ በእሱ መዝገብ ሐሰተኛ ምሥጢር ነው። ግን የአምላኩ መደርደሪያ የሠራው ሥራ ሐሰት አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ጃፓን ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጋ ሰው በፈንጣጣ ታሟል። ከዚያ በሽታው በ1950ዎቹ ጠፋ፤ መደበኛው ክትባትም በ1976 ቆመ።

ኢትዮጵያ እዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በዚህ ጊዜ ነው። በ1971 የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በአገራችን ሲጀመር፣ በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። በገጠሩ እየዞሩ ከኢትዮጵያውያን ጤና ሠራተኞች ጋር ከሠሩት የውጭ በጎ ፈቃደኞች መካከል ጃፓናውያን ወጣቶች ነበሩበት። የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው ነሐሴ 1976 ላይ ነው። በዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅትን የፈንጣጣ ማጥፋት ክፍል መምራት የጀመረው ጃፓናዊው ሐኪም ኢሳኦ አሪታ ነበር፤ የኩማሞቶ ሰው።

ኩማሞቶ ድሮ ሂጎ ትባል ነበር። በ1846 ከሂጎ ባሕር ወጣች የተባለችው ረጅም ፀጉር ያላት፣ ገላዋ ቅርፊት የለበሰ አማቢኤ «ወረርሽኝ ሲመጣ ሥዕሌን ስላችሁ ለሰዎች አሳዩ» ብላ ተመለሰች ይባላል። በ2020 ኮሮና ሲገባ ጃፓናውያን ይህችን ፍጡር ከመዛግብት አውጥተው ኬክ ላይ፣ ጭምብል ላይ፣ የሱቅ በር ላይ ሳሏት። የጤና ሚኒስቴሩም ወጣቶች በሽታውን እንዳያዛምቱ ለሚያሳስብ ማስታወቂያው የመረጠው የእሷን ሥዕል ነው።